የፋጆች ጠበቃ

በዓለም ላይ ያለ ግቢ ሁሉ አንድ የሚያፈስ ቧንቧና አንድ የማይረታ ተከራካሪ አለው። ቧንቧው አንዳንዴ ይጠገናል።

ይህን ዓይነት ሰው ታውቁታላችሁ። «ዛሬስ ሞቀ» ስትሉት ላቡን እየጠረገ «ሙቀት ማለት ምን ማለት ነው?» ይላችኋል። ትብሊሲ ውስጥ በነበርንበት አሮጌ ግቢ፣ በረንዳው ሁሉ ወደ መሐል በሚያይበት፣ የአንዱ ቤት ሽንኩርት ሲያር ጎረቤቱ ሁሉ በሚያስልበት፣ ይህን ሹመት ይዘው የኖሩት ክቡርነታቸው ባቶኖ ዶሜንቲ ነበሩ። ለተከበረች ሴት ካልባቶኖ፣ ለተከበረ ወንድ ደግሞ ባቶኖ እንላለን። ለእሳቸው ግን አንዳንዴ የምንለው እንዲቀመጡልን ነበር።

ዳቦ ሰልፍ ላይ ሻጩ «ትኩስ ነው» ሊላቸው አይችልም። «ቆይ! ትኩስ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ይይዙታል። እሳቸው ትኩስነትን ሲተነትኑ እኛ ከኋላቸው እየዞርን እንገዛለን። ረትተው ዞር ሲሉ ዳቦው አልቋል። ባዶ እጃቸውን፣ በደስታ እያፏጩ ወደ ቤት ይገባሉ።

የጫማ ሰፊው የሴቭሪያን ቀብር ላይማ ጉድ አፈሉ። ቄሱ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሬሳው ራስጌ ቆመው፣ «ቆይ! ሞተ ማለት ምን ማለት ነው? አንጀቱ ውስጥ ያለው ጀርም እኮ አሁንም ሥራ ላይ ነው!» አሉ። ሚስትየው ለቅሶዋን አቁማ ተንጠራርታ ሳጥኑን አየች። ከዚያ ባሰባት። ይህን ሳስታውስ መሳቄ ያሳፍረኛል፤ ግን እስቃለሁ።

ሥራቸው ከወንዙ ማዶ፣ ፋጅ የሚራባበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ፋጅ ጀርምን እያደነ የሚጨርስ ቫይረስ ነው። ልጆቻችን ሆዳቸውን ሲያማቸው ከብልቃጥ ቀድተን የምናጠጣቸው መራራ ውሃ እሱ ነው። ለእኛ መድኃኒት ነው። ለባቶኖ ዶሜንቲ ግን ዘመድ ነበር። «ዛሬ እህል አልቀመሱልኝም»፣ «ትናንት ደህና አደሩ» እያሉ ነው ከሥራ የሚመለሱት።

ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ደግሞ የልብ ጓደኛዬ ኑጻ አለች። የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ቫይረስ ሕይወት የለውም ብላ የቆረጠች። ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ይጀመራል።

«ሙታኖችዎ እንዴት አደሩ?»

«ካልባቶኖ ኑጻ፣ ሕያዋኖቼ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አይበሉ፣ አይጠጡ፣ አይተነፍሱ! ብቻቸውን አይወልዱ! ሰው ቤት ካልገቡ በቀር ድንጋይ ናቸው!»

«ሰው ቤት ገብቶ በሰው ጓዳ መኖር ሞት ከሆነ፣ አማችዎን ጊዞን መቼ ነው የምንቀብረው?»

የኑጻ እርጥብ ካልሲ ግቢውን አቋርጦ ግንባራቸው ላይ አረፈ።

«ካልሲ መልስ አይደለም!» አሉ ባቶኖ ዶሜንቲ፣ ካልሲውን በሥርዓት አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ።

ድግስ ላይ ነገሩ ወደ ጽዋ ይዞራል። በእኛ ገበታ ጽዋ የሚያነሳው ታማዳው ነው፤ እሱ ሲናገር ሹምም ቢሆን ዝም ይላል። መጀመሪያ ለሙታን ያነሳል። ያኔ ብርጭቆ አናጋጭም፤ ዳቦ ላይ ወይን ጠብ አድርገን በዝግታ እንጠጣለን። ቀጥሎ ለሕያዋን ያነሳል። ያኔ ግቢው እስኪንቀጠቀጥ እናጋጫለን። ታማዳችን ዳቦ ጋጋሪው ቫርላም «ለሕያዋን ሁሉ!» ከማለቱ ባቶኖ ዶሜንቲ ብድግ ይላሉ።

«ቆይ! ሕያው ማለት ምን ማለት ነው? ፍሪጅ ውስጥ ያሉትም ይጠሩልኝ!»

ታማዳን ማቋረጥ ቅጣቱ አንድ ቀንድ ሙሉ ወይን ነው። ይጨልጡታል፤ አፋቸውን ይጠርጋሉ፤ «እንዳልኩት...» ብለው ይቀጥላሉ።

«ለሙታኑ ጽዋ ልጨምርልዎት?» ይላል ቫርላም ተስፋ ቆርጦ።

«ኧረ ቅጠል ይርገፍ!»

እንዲህ እየተባለ ፋጅ ያለ ጽዋ ስንት ድግስ አለፈው።

ከዚያ መብራት የሚጠፋበት ዘመን መጣ። እኔ ዳሮ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ቀኝ እግሬ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ይረግጣል፤ ፔዳሉ እኔን ያኖራል። በዚያ በሚያቃጥለው ወር ይህንኑ እግሬን የዛገ ሚስማር ወጋኝ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ጠቆረ፣ መድኃኒት ሁሉ እምቢ አለ። ሐኪሙ «እስከ ሰኞ ካልተሻለሽ ከጉልበት በታች እንቆርጣለን» አለኝ።

ባቶኖ ዶሜንቲ ይህን ሲሰሙ ቤታቸው ያስቀመጧቸውን የመጨረሻ ብልቃጦች እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። ላቦራቶሪው በመብራት እጦት ተዘግቷል፤ ሌላ የለም። ኑጻ ፋሻዬን ትፈታለች። እሳቸው አንዱን ብልቃጥ በመዳፋቸው ጨበጥ አደረጉና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሞቋል» አሉ። ፍሪጃቸው መብራት ከጠፋ ወዲህ ቁምሳጥን ሆኖ ነበር።

«ሞቱ እንዴ፣ ባቶኖ?» አልኩ።

አፋቸውን ከፈቱ። «ቆይ» እንኳ አልወጣቸውም። ሕያዋን ናቸው ካሉ ሟቾች ናቸው ማለት ነው፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ ሳይሞቱ አይቀሩም። ይህን እሳቸው ያውቁታል፤ እኔም ከዓይናቸው አነበብኩት። እግሬን አዩ። ጥግ ላይ ያለውን የስፌት መኪና አዩ። ከዚያ ወደ ኑጻ ዞሩ፤ ካልባቶኖውን እንኳ ረሱት።

«ኑጻ፣ አይተነፍሱም አይደል ያልሽው?»

«አይተነፍሱም።»

«አይበሉም?»

«አይበሉም።»

«እንግዲያውስ ልክ ነሽ። ሕይወት የላቸውም። ያልኖረ ነገር ከየት አምጥቶ ይሞታል? አይዞሽ ዳሮዬ። ኑጻ፣ አፍስሽበት።»

ዕድሜ ልካቸውን ተረትተው የማያውቁት ሰው ለአንድ ልብስ ሰፊ እግር ሲሉ ተረቱ። ኑጻ በረንዳ ላይ ወጥታ እልል ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ እቴ! በየጠዋቱና በየማታው ቁስሌ ላይ እያንጠባጠበች፣ የተኛሁ መስሏት፣ ጎንበስ ብላ ስታንሾካሹክ ሰማኋት።

«ብሉ፣ ጌቶቼ፣ ብሉ። እባካችሁ ብሉልኝ።»

ሰኞ ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ጥቁሩ ሸሽቶ ቀይ ሥጋ ብቅ ብሏል። ባቶኖ ዶሜንቲ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ እየዘለሉ ወረዱ። «በልተዋል! የሚበላ ደግሞ ሕያው ነው!»

«ሕይወት የላቸውም ብለው አምነው የለም እንዴ?» ብላ ጮኸች ኑጻ።

«ቆይ! ማመን ማለት ምን ማለት ነው?»

ባቶኖ ዶሜንቲ ያረፉት ይህ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወይን ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ድግስ ቫርላም ለሙታን ጽዋ አነሳና ስማቸውን ጠራ። ሁላችንም ዳቦአችን ላይ ጠብ ልናደርግ ስንል ኑጻ ብርጭቆዋን በመዳፏ ከደነች።

«እዚህ ጽዋ ላይ አይጠሩም» አለች።

«ኑጻዬ፣ አብረን ቀበርናቸው እኮ» አላት ቫርላም።

ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን ሥርዓት ስታስይዝ የኖረችው ኑጻ፣ ታማዳውን አቋርጣ ብድግ አለች።

«ቆይ! ሞተ ማለት ምን ማለት ነው? አይበሉም፤ እሺ። አይጠጡም፣ አይተነፍሱም፤ እሱም እሺ። ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ገብተው ከጠዋት እስከ ማታ ይከራከሩኛል! ዳሮም ጋ ገብተዋል። አንተም ጋ ገብተዋል። ይኸው በሰው ቤት እየተባዙ ነው!»

ቫርላም ቀንዱን ሞልቶ አቀበላት። እስከ ታች ጨለጠችው፤ አፏን ጠረገች።

«እንዳልኩት...» አለች። «ለሕያዋን ሁሉ! ፍሪጅ ውስጥ ላሉትም!»

እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ ነበር ያጋጨሁት። የብርጭቆዬ ጠርዝ ተሰነጠቀ። እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምጠጣው።