ገና ያልቆሸሸው አውሮፕላን

በየከተማው «አልቋል» የምትለዋን ቃል ከአፉ የማያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። አናጢ ሊሆን ይችላል፤ ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለስምንተኛ ዓመት የሚያርም ተማሪም ሊሆን ይችላል። ቁም ሳጥን አሠርታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሳጥኑ ቆሟል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እሱ ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በማጠፊያው በኩል እያየ «ገና ነው» ይላል። ነቀምቴ ውስጥ የዚህ ወገን አለቃ ክቡር ኦቦ ቀጀላ ናቸው። ከሌሎቹ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። ሌላው ሰው ሥራው ገና አላማረም ብሎ ሲጨነቅ፣ እርሳቸው ገና አልቆሸሸም ብለው ይጨነቃሉ።

ችግሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ እዚህ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም በኦቦ ቀጀላ ግቢ ተከራይቼ ነው። ኦቦ ቀጀላ ሠላሳ አምስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀቡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ የሚሠሩት ጠፋቸውና የግቢውን በር መቀባት ጀመሩ። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ቀቡት። አራተኛው ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ አዳነች ክፍሌ ድረስ መጡ።

«ባርሲሳ፣ ለዚህ ሰውዬ የሚቀባ ነገር ፈልግለት። ቀጥሎ እኔን ነው የሚቀባኝ።»

ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ በዚህ ግቢ ሌላ ስም የለኝም። ለእረፍት አዲስ አበባ ስሄድ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ የሚገጣጠም የአንቶኖቭ አውሮፕላን ሞዴል አገኘሁ። ከመቶ በላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ክፍሎች አሉት፤ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያንሳል። ገዝቼ አመጣሁላቸው። በሁለት ሳምንት ገጣጠሙት፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈኑት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፣ ግራጫ ቀብተው ፊት እስኪያሳይ ድረስ አንጸባረቁት።

ያን ጊዜ ዛህራ ልታየው ገባች። ዛህራ ወደ መንገድ የምትከፈተውን ክፍል ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ወለጋ ለሠፈራ ከመጡት አንዷ ናት። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቷ ጋር የመጣችውም እንዲህ ባለ አውሮፕላን ነው። ከዚያ ጉዞ የቀራት ፎቶ የለም፤ እናቷም ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። አውሮፕላኑን ዞራ ዞራ አየችው።

«ኧረ እቴ፣ ታምራለች። ግን እኛን ያመጣችን ይቺ አይደለችም።»

«ዓይነቱ እኮ ያው ነው» አልኳት።

«እኔ ዓይነት አላውቅም። የኛይቱ ዳልቻ ነበረች፣ አቧራ የጠገበች። ይቺ ሙሽራ ናት።»

ኦቦ ቀጀላ አውሮፕላኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ደንበኞች አሮጌ መኪና አምጥተው፣ በሳምንቱ ሲመለሱ «ይሄ የኔ መኪና አይደለም!» ብለው በደስታ ሲጮኹላቸው ነው የኖሩት። ያችው ምስጋና አሁን ወቀሳ ሆና መጣች።

«ኦቦሌቲ ኮ» አሉ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። «‹ይቺ ናት› እስክትይ ድረስ ከእጄ አትወጣም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኦቦ ቀጀላ ሕይወት በዚህች አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

እዚህ ላይ የሚቀቡበትን መሣሪያ ላስረዳችሁ፤ እኔ በበኩሌ ስለሱ ባወራ አልጠግብም። ኤርብራሽ እስክሪብቶ የሚያህል የቀለም መርጫ ነው። አንዲት ቁልፍ አለችው። ወደ ታች ሲጫኗት አየር ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲስቧት ቀለም ይከተላል። በጥቂቱ ከሳቧት የሚወጣው መስመር ከክር ይቀጥናል። አየሩን የሚሰጠው ኦቦ ቀጀላ ከተጣለ ፍሪጅ ነቅለው ያስተካከሉት ኮምፕሬሰር ነው። ቀለሙ በቲነር ቀጥኖ ወተት መምሰል አለበት።

«የትኛውን ወተት?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ አስተማሪ ነኝና ልኩን ማወቅ እፈልጋለሁ።

«ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚመጣልንን። ላሚቱ ብታየው የማታውቀውን።»

መጀመሪያ ቀለሙ ተፈለገ። ዛህራ «ዳልቻ» ብላለች፤ ዳልቻ ደግሞ የአህያ ቀለም ነው። ስለዚህ ኦቦ ቀጀላ የወይዘሮ አዳነችን ሰባት የፕላስቲክ ማንኪያዎች በሰባት ዓይነት ግራጫ ቀብተው በገበያ ቀን ወደ ከብት ተራ ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ አህያ ሆድ ላይ እያስጠጉ ማስተያየት ጀመሩ።

«ኤሬ፣ ኦቦ!» አለ አንዱ ሻጭ። «አህያ በማንኪያ አይበላም!»

«ዝም በልና ሆዱን ወደ ፀሐይ አዙርልኝ።»

«ይገዙታል?»

«ቀለሙን ብቻ።»

አምስተኛው ማንኪያ ተመረጠ። ቀጥሎ የጸጉር ስፕሬይ መጣ። ምክንያቱ ግሩም ነው። ፕላስቲኩ መጀመሪያ የብር ቀለም ይቀባል፤ በላዩ የጸጉር ስፕሬይ ይነፋል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ግራጫው ይቀባል። ሲደርቅ ውሃ በነካ ብሩሽ ሲያሹት ስፕሬዩ ከሥር ይሟሟና ግራጫው እየተፈረፈረ ብሩ ብቅ ይላል። ልክ ለዓመታት እንደተፋቀ ብረት ይመስላል። ችግሩ ኦቦ ቀጀላ ራሳቸው ላይ አንዲት ዘለላ ጸጉር የሌላቸው መሆኑ ነው። በየሳምንቱ የሴቶች ጸጉር ቤት እየገቡ ስፕሬይ ሲገዙ የቤቱ ባለቤት ሔለን አላስቻላትም።

«ኦቦ ቀጀላ፣ ለማን ነው ግን?»

«ለአውሮፕላን።»

«እሺ። ለአውሮፕላን ሰላም በሉልኝ።»

በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ አውሮፕላን የምትባል ሴት መኖሯን አረጋገጠ። ረዥምና ቀይ ናት የሚሉም ነበሩ። ያልተደናገጡት ወይዘሮ አዳነች ብቻ ናቸው። «ሴት ብትሆን ይሄን ያህል አያያትም» አሉ።

ኦቦ ቀጀላ ማስረጀት ከማቆሸሽ ይለያል ባይ ናቸው። ማንም ያቆሽሻል። ለማስረጀት ግን ሦስት ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል፦ አቧራው ከየት ይመጣል? ዝናቡ ወዴት ይወርዳል? የሰው እጅ የት ይነካል? እነዚህን ጥያቄዎች ካወቁ ወዲህ ከእርሳቸው ጋር መንገድ መሄድ አይቻልም። የባንኩን በር አይተው «ዘበኛው ግራኝ ነው» ይላሉ። የዘመድ ሠርግ ላይ ሙሽራይቱ ወርዳ እልል ሲባል፣ ሊቀ አቧራው ቀጀላ ከመኪናው ጎማ ሥር አጎንብሰው ተገኙ። «ይሄ መኪና ነቀምቴ አልታጠበም» ብለው ለሚዜዎቹ አስታወቁ። «አኖ ላይ ነው የታጠበው። ከዚያ ወዲህ ያለው አቧራ ብቻ ነው ያለበት።» ሾፌሩን ጠየቅነው። አኖ ነበር።

አቧራውንም ቢሆን በዘፈቀደ አይወስዱም። ከአኖ፣ ከኑኑ ቁምባ፣ ከጊዳ አያና አፈር እያመጡ በነጠላ ጨርቅ ነፍተው በመድኃኒት ጠርሙስ ያስቀምጣሉ፤ በየጠርሙሱ ላይ የአገሩን ስም ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ ከኑኑ ቁምባ ስንመለስ ፍተሻ ላይ ቦርሳቸው ተከፈተ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ፈታሹ።

«አቧራ።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«አቧራ።»

«ከኑኑ ቁምባ አቧራ ጭነው ወደ ነቀምቴ? ነቀምቴ አቧራ ጠፋ?»

«የነቀምቴው ይጠቁራል። ይሄ ግን ተመልከተው፣ እንደ በርበሬ ነው።»

ፈታሹ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየ፤ ስልካቸው ላይ ያለውን የአውሮፕላኑን ፎቶም አየ። እኔ ልባችንን ሊያደርቀው ነው ብዬ ስጠብቅ ቅር አለው። «የኛ ቀበሌ አፈር ከዚህ ይቀላል» አለ። በሁለተኛው ሳምንት በሚኒባስ አንድ ፌስታል አፈር ላከ።

ዝናቸው ሲሰማ ሌላ ደንበኛም መጣ። ደረሳ የሚባል ጎረቤታችን አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ነበር፤ የሚስቱ ወንድሞች እየተፈራረቁ ይዋሱታል። «አስረጁልኝ፤ ሲያዩት ይተዉታል» ብሎ ለመናቸው። አስረጁለት። ታንኩ ላይ ዝገት፣ ጭስ መውጫው ላይ ጥቀርሻ፣ መቀመጫው ላይ የአሥር ዓመት መላላጥ። የሚስቱ ወንድሞች እውነትም ተዉት። ግን ደረሳ በየመንገዱ «በዚህ ቆርቆሮ አትሂድ፣ ትሞታለህ» እየተባለ ይቆማል፤ አዲስ መሆኑን ለማስረዳት የግዢ ደረሰኙን በደረት ኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው።

በአራተኛው ወር አውሮፕላኑ በእኔ ዓይን አልቆ ነበር። ሆዱ ቀይ አቧራ ለብሷል፣ ከሞተሮቹ ጀርባ ጥቀርሻ ተዘርግቷል፣ ከመስኮቶቹ ሥር የዝናብ ዱካ ወርዷል። የቀረው ቫርኒሽ ብቻ ነው፤ ቫርኒሽ ከተነፋበት በኋላ ውሃ አይነካውም።

«ይነፋና ይለቅ» አልኩ።

«ሂን ጌኜ፣ ባርሲሳ» አሉ፤ አልደረሰም ማለት ነው። «ቫርኒሽ ላለቀ ነገር ነው። ገና ነው። መጀመሪያ እሑድ ዛህራ ትየው።»

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ አዳነች እንግዳ ይመጣል ብለው ቤቱን ጠረጉ፣ መጋረጃውን ቀየሩ፣ ብርጭቆዎቹን አጠቡ። ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ኦቦ ቀጀላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንቶኖቩ ሳፋ አጠገብ ፎጣ ላይ ተገልብጦ ውሃው ይንጠባጠባል። ከጎኑ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አለ።

«አዳነች!»

«ምነው?»

«የአራት ወር ቆሻሻ ነው ያጠብሽው!»

«ታዲያ አታመሰግነኝም? እንግዳ እየመጣ? ዛህራ ይሄን ሁሉ አቧራ አይታ ምን ትለኛለች?»

ኦቦ ቀጀላ ቁጭ አሉ። መቆጣትም አቃታቸው። ከእሳቸው ፊት በላይ ያረጀ ነገር በዚያ ቤት አልቀረም። ዛህራ የገባችው በዚህ መሐል ነው። ነገሩን ስንነግራት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ወይዘሮ አዳነችን አቅፋ «አብሽሪ እናቴ፣ አብሽሪ» እያለች ሳቀች። ከዚያ ወደ ታጠበው አውሮፕላን ጎንበስ አለችና ጣቷን ከበሩ አጠገብ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«የእናቴ እጅ። ስንወርድ አጥወለወላትና እዚህ ጋ ተደገፈች። እጇን ስታነሳ አቧራው ላይ ቀረ። አምስቱም ጣቷ። እኔ ከእሷ ይልቅ እሱን ነበር የማየው። አውሮፕላኗ ተነስታ ስትሄድ የእናቴን እጅ ይዛ ሄደች ብዬ ስጮህ፣ ‹ያውና እጄ፣ ያውና› እያለች ታሳየኝ ነበር።»

ኦቦ ቀጀላ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«የሰው እጅ የት ይነካል እያልኩ አራት ወር ስጠይቅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መካኒኩን ብቻ ነበር የማስበው።» ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «እንኳን አጠብሽው።»

ወይዘሮ አዳነች በትዳር ዘመናቸው ይህን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ለመስማት እስካሁን እየጠበቁ ነው።

የተረፈው የሒሳብ ሥራ ነበርና የኔ ተራ ደረሰ። ዛህራ የእናቷ እጅ የሷን ያህል እንደነበር ታስታውሳለች፤ ዛሬ እናቷ ያኔ የነበሩበትን ዕድሜ አልፋለች። የዛህራን እጅ ከአንጓዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ለካሁ፦ አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ከሦስት ሚሊሜትር። ለሰባ ሁለት ሲካፈል ሁለት ሚሊሜትር ተኩል አይሞላም። የአንዷ ጣት ውፍረት ሁለት የጸጉር ዘለላ ጎን ለጎን ያህል ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ ሁሉ አሳይቻለሁ፤ ፈተና ላይም አመጣዋለሁ።

እንዲህ ያለ እጅ ደግሞ አይቀባም። አቧራ ላይ የቀረ እጅ የሚሠራው አቧራውን በማንሳት ነው። የሔለን ስፕሬይ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ታየ፤ አቧራው በስፕሬይ ላይ ከተነፋ በረጠበ ጫፍ ሊነሳ ይችላል። ኦቦ ቀጀላ ግራጫውንም አቧራውንም እንደገና ነፉና ማንኪያ ላይ ሞከሩ። የመጀመሪያው እጅ የዶሮ እግር ሆነ። ሁለተኛውን በማጉያ መነጽር ስንቆጥረው ስድስት ጣት አለው። ሦስተኛውን ወይዘሮ አዳነች «ሹካ ነው» አሉት። ሠላሳ አምስት ዓመት መርጫ የጨበጠ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ እርሳቸው ግን አልደበቁትም። ከወንበራቸው ተነሱ። ያ ወንበር እንኳን ለእኔ፣ ለቄሱም ተለቆ አያውቅም።

«ዛህራ፣ ነይ ተቀመጪ። መርፌ ያንቺ ነው። እጁም የናትሽ ነው።»

ይኸው ሦስተኛ ሳምንት ሆነ። ዛህራ ሱቋን ስትዘጋ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። የልብስ መርፌዋን ጫፍ በምላሷ ታረጥብና አቧራ በተነፋበት ማንኪያ ላይ ታጎነብሳለች። እስካሁን አሥራ አንድ ማንኪያ ሞልታለች። ሰባተኛውን ማንም ሳያየኝ ወስጄ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ለእኔ እጅ ነው፣ ያውም ቆንጆ እጅ። እርሷ ግን አውራ ጣቱ የእናቷ አይደለም ብላ ጥላዋለች።

ኦቦ ቀጀላ ከጀርባዋ ቆመው ይንቆራጠጣሉ። በሕይወታቸው ሌላ ሰው ጠብቀው አያውቁምና እጃቸውን የሚያስቀምጡበት አጥተዋል። ትናንት በየአምስት ደቂቃው አንገታቸውን እያሰገጉ ቆይተው አላስቻላቸውም።

«ዛህራ… ደረሰ? ይበቃል እኮ፣ አልቋል በዪው።»

ዛህራ ቀና አላለችም። አንድ ዓይኗን ጨፍና ማንኪያውን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሂን ጌኜ፣ ኦቦ ቀጀላ» አለች። «ገና ነው።»