ለባዶ ወንበር ኖር

ነፃ ነገር ደግ አይደለም። ይህን የምለው ነፃ ነገር ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ለቅምሻ የሚቀርበውን አይብ አንዴ ከቀመስኩ በኋላ ዞሬ መጥቼ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ሌላ ሰው መስዬ የምደግም ሰው ነኝ። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በገንዘባችን የገዛነው ዕቃ እኛን ያገለግለናል፤ በነፃ ያገኘነውን ግን የምናገለግለው እኛ ነን። ጎረቤት በነፃ የሰጣችሁን ቡችላ የምታሳድጉ ሰዎች የምለው ይገባችኋል።

የእኔ ቡችላ የአውቶቡስ ካርድ ነው። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ልጄ ስልኳን ጠቅ ጠቅ አድርጋ አስመጣችልኝና፣ «ዳድ፣ ሲኒየር ስለሆንክ ፍሪ ነው፤ ኤኒዌር መሄድ ትችላለህ» አለችኝ። ኤኒዌር! ዴንቨር ውስጥ ዕድሜዬን በሙሉ በታክሲ ሰውን ኤኒዌር ሳደርስ ኖሬ፣ ለራሴ የምሄድበት አንድ ኤኒዌር እንኳ አልነበረኝም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደለም?

ካርዱን ከእኔ አብልጣ የወደደችው ግን ባለቤቴ የሺ ናት። ለምን ቢሉ፣ ከቤት ያስወጣኛላ! ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔ ቆብ ስለሌለኝ የየሺን የቅመም ዕቃዎች በቁመታቸው ደረደርኩላት፤ ኮረሪማ ፍለጋ ጓዳውን ስትገለብጥ ውላ ከዚያ በኋላ ሰንብታ ነው ያናገረችኝ። ስታናግረኝም፣ «በል ካርድህን ይዘህ ውጣ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለችኝ።

እኔም ሹመቴን መብላት ጀመርኩ። ከምንኖርበት ከኦሮራ ተነሥቼ በኮልፋክስ ጎዳና እስከ ዳውንታውን ድረስ እሄዳለሁ፤ እዚያ እንደደረስኩ ተሻግሬ በመጣሁበት እመለሳለሁ። ምን ልታደርግ ሄድክ የሚለኝ የለም። ከፍሎ የሚሄድ ሰው መድረሻ ያስፈልገዋል፤ በነፃ የሚሄድ ግን መሄዱ ብቻ ይበቃዋል። ጠዋት ፀሐይ በየትኛው በኩል እንደምትገባ፣ የትኛው ወንበር ሥር ማሞቂያ እንዳለ አጠናሁ። በዚህ ሁሉ ትምህርት ላይ እያለሁ ነው አቶ ምሕረትአብን ያየኋቸው።

ከዳውንታውን ስመለስ ነበር፤ ጠዋት። ከፊቴ ባለው የሁለት ሰው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጋ ያለውን ትተው መተላለፊያው ጠርዝ ላይ፣ ቡናማ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መልካቸው የእኛው ነው። ሌላ ተሳፋሪ ቢኖር የነርስ ልብስ ለብሳ እንቅልፍ የጣላት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ካፒቶል ሂል፣ የድሮዎቹ ባለ ቀይ ጡብ አፓርታማዎች ጋ ስንቃረብ፣ የወራጅ ደወል ጮኸ። ገመዱን የጎተተ ሰው የለም። ታክሲ ነጂ የነበረ ሰው የተሳፋሪን እጅ ሳያይ አይውልምና ይህን በደንብ አውቃለሁ። አውቶቡሱ ቆመ። ለአቅመ ደካማ እንደሚያደርገው እስስ ብሎ ተንፍሶ በጎኑ ዝቅ አለ። በሩ ተከፈተ። የወረደ የለም፤ የወጣም የለም። የገባው ብርድ ብቻ ነው።

ይኼኔ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከወገባቸው ብድግ አሉና ወደ ተከፈተው በር፣ «ኖር!» አሉ።

ሌላ አገር ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። እኔ ግን ያደግሁት ኖር ተብሎ በእግዜር የማይል ሰው እንደ ባለጌ በሚቆጠርበት ቤት ነው። መልስ እስኪሰጣቸው ሰውየው ግማሽ ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቀሩ። የተንጠለጠለ ኖር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያስችልም! ይሉኝታ ያዘኝና፣ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አይነሡ» አልኩ። ማንን ወክዬ እንደመለስኩ አላውቅም።

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው የጠርዙን ወንበር ለቀቁና፣ ለዚያው ለባዶው ወንበር ዝግ ባለ ድምፅ ማውራት ጀመሩ። ወደ ሎውሪ ሰፈር መታጠፊያው ስንደርስ ደወሉ እንደገና ጮኸ፤ አውቶቡሱ ዝቅ አለ፤ በሩ ተከፈተ። «በይ እንግዲህ፣ በደህና ዋይ» አሉ። ከዚያ እኔ ጋ መጥተው ተቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ባለቤታቸው ካረፈች ወዲህ ለኖሯ መልስ ሲሰጥ የሰሙት ከእኔ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ።

አቶ ምሕረትአብ የአስመራ ልጅ ናቸው። አማርኛን በትምህርት ቤት አለንጋ የተማሩ ስለሆኑ ከእኔ ይልቅ አሳምረው ይናገሩታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ ደግሞ የደሴ ልጅ ነበረች። እንደመጡ ካፒቶል ሂል ተከራዩ። እሳቸው ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሥራ፣ እሷ ሎውሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የቀን ጽዳት። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ከሥራ ሲመለሱ ቤታቸው ማቆሚያ ላይ አይወርዱም ነበር፤ እሷ ትሳፈራለች፣ እስከ ሎውሪ አብረው ያወራሉ፣ እሳቸው ተሻግረው ይመለሳሉ። የትዳር ዘመናቸው ጨዋታ በሙሉ ያለቀው እዚያ ወንበር ላይ ነው። እሷ ታዲያ ኩሩ ነበረች አሉኝ። «አባቴ ቤት ኖር ሳይባል የሚገባ ድመት ብቻ ነው» ስለምትል፣ ሙሉ አውቶቡስ መሀል ተነሥተው ኖር ይሏት ነበር።

ፈራሁ። የዚያን ቀን ቤቴ እስክገባ ሳማትብ ነው የሄድኩት። ለየሺም አልተነፈስኩም፤ ዝም አይነቅዝም። በነጋታው ግን በዚያው ሰዓት እዚያው አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ምን ላድርግ? አንዴ በእግዜር ካልኩ ተዋውቀናል። ጋኔን ቢሆን በጠበል ይለቃል፤ የሀበሻን ቅሬታ ግን ምን ያስለቅቀዋል?

አንድ ቀን ሾፌሯን ጠየቅኋት። ሳቂታ ሴት ናት፤ የዚያን ዕለት ግን አልሳቀችም። ከሩቅ ስትመጣ ነጭ ነገር የተከናነበች፣ የምሳ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ማቆሚያው ላይ የምታይ ይመስላታል፤ ስትደርስ የለችም። ታዲያ ለምን ትቆሚያለሽ ብላት፣ ሰው ጥዬ ከማልፍ ሰው ላልሆነ ብቆም ይሻለኛል አለችኝ።

ብርዱ ሲጠና የአቶ ምሕረትአብ ልጅ ዳላስ ወስዳ ልታኖራቸው ወሰነች። ሊሄዱ ሲሉ እጄን ያዙኝ። «በሩ ይከፈታል፣ ትገባለች፣ የሚነሣላት የለም። እስከ ሎውሪ ቆማ ልትሄድ ነው» አሉኝና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አደራ» አሉኝ። ነፃ ካርድ ያለው፣ ሥራ የሌለው፣ ኖር ማለት የሚያውቅ ሰው ኮልፋክስ ላይ ከእኔ ሌላ ከየት ይምጣ? አደራውን ተቀበልኩ።

በመጀመሪያው ጠዋት እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ደወሉ ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ፣ ኖር አልኩ፣ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ምን ይወራል? የአየሩን ብርድ አወራኋት፤ የሽንኩርት ዋጋ አወራኋት። ሎውሪ ላይ ደህና ዋይ ብዬ ከሸኘኋት በኋላ ባዶውን ወንበር በመዳፌ ነካሁት። ሞቋል። ማሞቂያው ነው አልኩ። ማሞቂያው ግን ከሌላ ወንበር ሥር ነው፤ አጥንቼዋለሁ ብያችሁ የለ።

እንግዲህ እሑድን ጨምሮ በየጠዋቱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ የሚወጣ ጡረተኛ ባል ሚስቱን ምን ያሳስባታል? በዚያ ላይ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ አውቶቡስ ውስጥ አንገቴን ዘንበል አድርጌ ሳንሾካሽክ አይታኝ ኖሮ ነግራታለች። የሺ «ማናት?» አለችኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ ባልናገር ይሻል ነበር። ሚስት ባሏ ሌላ ሴት እንዳለችው ስትሰማ ትቆጣለች፤ ሌላዋ ሴት የሞተች መሆኗን ስትሰማ ግን ጠበል ልትወስደው ትነሣለች። ከጠበሉ በፊት ግን አብራኝ ሄዳ ዓይን ለዓይን ልታሳፍረኝ ወሰነች።

ከጎኔ፣ ከመተላለፊያው ማዶ ተቀመጠች። ደወሉ ጮኸ። ማን እንደጎተተው ለማየት ዞር ዞር አለች። አውቶቡሱ ዝቅ አለ፤ በሩ ተከፈተ፤ ብርዱ ገባ። ተነሣሁና ኖር አልኩ። ዝም። ኖሬ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ይኼኔ ልታሳፍረኝ የመጣችው የሺ፣ «በእግዜር» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ቀጥሎ ያደረገችውን እሷም ሳታውቀው ነው ያደረገችው፤ ሰው ሲያልፍ እንደሚደረገው እግሯን ወደ ውስጥ ሰበሰበች።

ቤታችን ስንደርስ ሻርፗን ሳታወልቅ ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ «እኔ ስሞትስ የት ነው የምትነሣልኝ?» አለችኝ።

እኔ ሌሊት ስነዳ፣ እሷ ቀን አረጋውያን ስትጦር፣ እኛም ያው በበር ላይ ነበር የምንተላለፈው። ግን አውቶቡስ አልነበረንም፤ ማቆሚያም አልነበረንም። እሷ የሌለችበት ጠዋት ወለል ብሎ ታየኝና ፍርሃት ያዘኝ፤ ያኛው የአውቶቡሱ ፍርሃት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር።

ስለዚህ ለእሷም ካርድ ወጣላት። ጠዋት ወይዘሮ ስንዱን ሎውሪ እናደርሳለን፤ ከዚያ ለየሺ ማቆሚያ እንመርጣለን። ሽንኩርት ስትመርጥ ያያችኋት እንደሆነ ማቆሚያ ስትመርጥም እንደዚያው ናት። አንዱ ጥላ የለውም። አንዱ መጠጥ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ «ለዘለዓለም ሰካራም እያየሁ ልቁም?» አለች። አንዱ ውሻ ይበዛበታል። በመጨረሻ ሃቫና ስትሪት ላይ የምትወደው ተገኘ። ጥላ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ከጀርባው ሱቅ ስላለ እስክመጣላት ዋጋ እያየች ትቆያለች። ትናንት ለምርቃቱ ያህል በዚያ መስመር ተሳፍረን ሄድን። «ያውና!» ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

ደወሉ ጮኸ። እኔ አልጎተትኩም፤ እሷም እጇ ጭኗ ላይ ነው። አውቶቡሱ ተንፍሶ ዝቅ አለ፤ በሩ ተከፈተ፤ ማቆሚያው ላይ ማንም የለም። ከፊታችን ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ የነበሩ አንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ ነቁ። ወደ በሩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

የሺ ሰውየውን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ፣ «እንሂድ በቃ፤ ይሄ ተይዟል» አለችኝ።