አይሰናበቴው አቶ አረጋዊ

አቶ አረጋዊ ሞተዋል ተባለ። ጠዋት ጠዋት የሰዓት ፊርማ የሚፈርመው መንፈሳቸው ነው አሉ። ወሬው ከካዛንቺስ ሜክሲኮ ለመድረስ አንድ የታክሲ መንገድ አልፈጀበትም። ለማመን ግን ይቸግራል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ መግባት እንኳን ለሙት፣ በሕይወት ላለነውም አልተቻለንም።

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይሰናበቴ አይጠፋም። ክቡር ወሕጋዊ አቶ አረጋዊ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩት፣ የአይሰናበቴዎች ሁሉ አለቃ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ኪሳቸው ይዘው ስለሚዞሩ ኮታቸው በቀኝ በኩል ተንጋዷል። ሻይ ሲዘገይባቸው "ምክንያቱ ይገለጽልኝ" ይላሉ። የጎረቤት ውሻ ሲጮህባቸው "የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም" ይሉታል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ይህን አላወቁም። አንድ ዓርብ ኮሪደር ላይ አስቁመው "ተሰናብተሃል" አሏቸው። ደብዳቤ የለ፣ ምክንያት የለ፣ ምን ትላለህ ያለ የለ።

"በጽሑፍ ይሁንልኝ" አሉ አቶ አረጋዊ።

ሥራ አስኪያጁ የአስተዳደር ኃላፊውን በድሉን ጠሩት። "በር ላይ ይከልከል። አምስት ተከታታይ ቀን ከቀረ በራሱ ጥፋት ነው። ደብዳቤውን ያኔ ትጽፋለህ።"

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ጅብሪል "ወላሂ አላየኋቸውም" አለ። የፊርማው መዝገብ ላይ ግን፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ያ ጭራው እንደ ድመት የተጠቀለለ ፊርማ ጉብ ብሏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ በድሉ የተቆለፈው መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ሰማ። ቢከፍት ሰው የለም፤ የጠዋቱ ደብዳቤዎች ሁሉ በየፋይላቸው ገብተዋል። ወንበሩን ነካው። ይሞቃል። ሐሙስ ዕለት ከፎቁ ሠራተኛ ግማሹ በዚያ ኮሪደር ማለፍ አቆመ።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሏቸው መጡ። "ሰውየው ሞቷል አሉ። የሞተ ሰው ደግሞ አይፈርምም። አምስቱንም ቀን ቀሪ በልበትና ደብዳቤውን አምጣ።"

በድሉ መዝገቡን ይዞ መዝገብ ቤት ገባ። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሲጀምር ፋይል አያያዝ ያስተማሩት አቶ አረጋዊ ናቸው፤ እየተቆጡ፣ አንዳንዴም አዋጅ እየጠቀሱ። እስክሪብቶው "ቀ" ላይ ደርሶ ቆመ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወረቀት ተገለጠ።

"ሙትም ቢሆን" አለ ለራሱ፣ "ሳይጠየቅ አይባረርም።" አምስት ጊዜ "ተገኝቷል" ብሎ ጻፈ። ፈረመበትም።

"'ተገኝተዋል' ብትል ምን ነበረበት?" አለ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ድምፅ።

"ጋሼ... ሞተዋል እኮ ነው የሚባለው።"

አቶ አረጋዊ ፋይል ታቅፈው ወጡ፤ ትከሻቸው ላይ የሸረሪት ድር።

"ማን ነው የሞተው? አልሞትኩም። መንፈስም አይደለሁም። ለጽዳቷ ለለምለም ንጋት ላይ በሚከፈተው የጓሮ በር እየገባሁ፣ መዝገብ ቤቱንም በራሴ ቁልፍ እየከፈትኩ፣ አምስቱንም ቀን በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ። ሥራ ላይ ነኝ።"