የሦስቱ በሮች ዕርቅ

«ቀላል ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የጫማችሁን ክር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ረጅም መንገድ ሊልካችሁ ነው። ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ እርሻን ቀላል ነው ይላል፤ ወልዶ የማያውቅ ወንድ ደግሞ ስለ ምጥ ምክር አያልቅበትም። የጤና መድን አባል ለሆነ አዛውንትም መድኃኒት ማውጣት እንዲሁ ቀላል ነው። ከደብረ ታቦር ወደ እብናት ሲወረድ ባለችው ትንሽ ከተማችን የመድን ሰዎች ሰብስበው ያስረዱን እንደዚያ ብለው ነው።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳላችሁ። መድኃኒቱ እዚያ ከሌለ ከመድኑ ጋር ውል ወደ ገባው መድኃኒት ቤት ትሻገራላችሁ። እዚያም ከታጣ ከግል ገዝታችሁ ደረሰኙን ለመድን ጽሕፈት ቤት ታቀርባላችሁ። «እንግዲህ አማራጩ ብዙ ነው፤ ምርጫው የእናንተ ነው» አለን አስረጂው። ምርጫ! ጉልበቱ ለከዳው ሰው ሦስት አቀበት ደርድሮ «ከወደድከው ጀምር» ማለት ምርጫ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ምርጫ ይቅርብኝ።

ጎረቤቴ እማማ የሺወርቅ የደም ብዛት መድኃኒታቸው አለቀ። ጤና ጣቢያው «የለም፤ መድኃኒት ቤት ይሂዱ» አላቸው። መድኃኒት ቤቱ «ወረቀቱ ላይ የጤና ጣቢያው ማኅተም የለም» ብሎ መለሳቸው። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ሄዷል። መድን ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ «እኛ መድኃኒት አንሰጥም፤ ተሳስተው ነው የመጡት» አለ። እማማ ራሳቸውን በሻሽ አስረው መደባቸው ላይ ጋደም አሉና «በቃኝ ልጄ። ጠበሌን እየጠጣሁ ቀኔን እጠብቃለሁ» አሉኝ። ጠበሉን አልነቀፍኩም። ሲያዞራቸው ግን ግድግዳ ይዘው ነበር የሚቆሙት፤ ንድድ አልኩ።

ንዴቴን ይዤ አያ አበጀ ዘንድ ሄድኩ። አያ አበጀ ደም የተቃባ ሳይቀር የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣

«በምን ተጣልተው ነው?» አሉኝ።

«ማን ከማን?»

«ሦስቱ ናቸዋ! ሰላም ያለው ጎረቤት አሮጊት አያመላልስም። በሰው የሚላላክ የተኳረፈ ነው።»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ሳስበው ሳቄ ጠፋ።

በእኛ አገር የተጣላ ሲገኝ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ተልኮበት «አልመጣም» የሚል ሰው ደግሞ ቀባሪ አልፈልግም እንዳለ ይቆጠራል፤ ኃላፊም ቢሆን። ስለዚህ አያ አበጀ ሽማግሌ ሲልኩባቸው ሦስቱም ኃላፊዎች መጡ፤ ከሽማግሌዎቹና ደግፌ ካመጣኋቸው ከእማማ ጋር ከጤና ጣቢያው ደጅ ካለችው ወይራ ሥር ተቀመጡ። የመድኑ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገና «አሠራሩ ቀላል ነው፤ እናቶቻችን ስላልገባቸው…» ብሎ ሲጀምር የአያ አበጀ ከዘራ ብድግ አለ።

«ቆይ ልጄ። መጀመሪያ የተጣላችሁበትን ንገሩን።»

«ኧረ አልተጣላንም!»

«መልካም። ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?»

ተያዩ። ከዚያ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ፣ ምናልባት የወይራዋ ጥላ አደፋፍሮት ይሆናል፣ «መድኑ ሒሳቤን እያዘገየብኝ እንዴት ልስጥ?» አለ። የመድኑ ኃላፊ «ጤና ጣቢያው ያለ ማኅተም እየላከ እንዴት ልክፈል?» ብሎ ተነሣ። የጤና ጣቢያው ኃላፊም ዝም አላለም። ጠቡ ያን ጊዜ ፈነዳላችሁ! ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ የእኛዎቹ ሦስት ነበሩ።

ጫጫታው ጋብ ሲል እማማ የሺወርቅ ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና አሉ።

«ታዲያ እኔ በማን ጠብ ነው የምሞተው?»



ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው መከሩና ፈረዱ። ከዛሬ ጀምሮ አዛውንት የሚያውቀው በር አንድ ነው፤ የጤና ጣቢያው በር። መድኃኒቱ ከሌለ ፈልገው የሚያመጡት ሦስቱ ኃላፊዎች ናቸው። ማኅተሙንም ደረሰኙንም እርስ በርሳቸው ይላላኩ፤ እግር አላቸው። ያጠፋ ሰው ደግሞ በባላገር ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ማን ይሸከም በሚለው ሲከራከሩ፣ አያ አበጀ ለአንድ ሰው የማይነሣ ድንጋይ መረጡ። ሦስቱም ከረባታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ እያቃሰቱ፣ ከእማማ እግር ሥር አደረሱት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ። መድኃኒቴስ?» አሉ እማማ። በማግስቱ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ራሱ ከደብረ ታቦር ይዞላቸው መጣ።

ድንጋዩ እስከ ዛሬ እዚያው ደጅ አለ። አዛውንቶች ተራ ሲጠብቁ አረፍ ይሉበታል። በቀደም አዲስ የተሾመ ኃላፊ ግቢ ሲያስጸዳ ጥበቃውን «ይህን አንሣልኝ፤ መግቢያ ዘጋ» አለው። እማማ የሺወርቅ ተቀምጠውበት ነበር። መድኃኒታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሳይነሡ ቀና ብለው አዩት።

«ተወው ልጄ፤ ደግሞ የተጣላችሁ ቀን ከየት ልታመጡ ነው?»