ጥንቸል የጠየቀችው ካሳ

ተረቴ ብዙ አይረዝምም፤ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በድሮ ጊዜ በአንድ ጫካ ውስጥ እማማ ከርከሮ የሚሏት ጠላ ሻጭ ነበረች። ጠላዋ ይጣፍጣል፤ ደጃፏ ግን ሰላም አያውቅም። ጎሽና አውራሪስ ጥቂት ከቀማመሱ በኋላ «ምን ታፈጥብኛለህ?» ተባብለው ይያያዛሉ። እነሱ ሲጋጩ መሬቱ ይናጋል። ከጠላ ቤቱ ጎን ጉድጓድ ውስጥ የምትኖረው ጥንቸል አፈር ሲረግፍባት ልጆቿን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች።

ጠብ በተነሳ ቁጥር ሽማግሌዎች ይቀመጡ ነበር። ሰብሳቢያቸው አባ ዝንጀሮ ናቸው። በአገሩ ልማድ ካሳውን የሚቆርጠው ተበዳዩ ነው። ተበዳዩ ግን ሁልጊዜ የአባ ዝንጀሮን ዓይን አየት ያደርግና «አንድ እንስራ ጠላ!» ይላል። ታራቂዎቹም አስታራቂዎቹም እንስራውን እዚያው ይጨርሱታል። ሲወጡ ደግሞ አዲስ ጠብ ይነሳል።

አንድ ቀን ጎሽና አውራሪስ ሲደባደቡ ጉድጓዱ ተደረመሰ። ጥንቸል ልጆቿን በአፏ እየጎተተች አወጣች። የመጨረሻው ልጇ አፈር አፍኖት ለጥቂት ነው የተረፈው። እሷም አፈሯን ሳታራግፍ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ አባ ዝንጀሮ ከንፈራቸውን እየላሱ። «ተበዳይ አንቺ ነሽ፤ ካሳሽን ተናገሪ። እንስራ ነው አይደል?»

«አይደለም አባቴ። ጎሽና አውራሪስ ቤቴን ይቆፍሩልኝ። ከእንግዲህም እዚህ ደጃፍ የተደባደበ ሁሉ ካሳው ቁፋሮ ይሁን።»

«ጠላውስ?»

«ጠላ ቤቴን አይሠራልኝም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ልማዱ የራሳቸው ነውና እምቢ ማለት አልቻሉም።

ጎሽና አውራሪስ በጠራራ ፀሐይ ድንጋያማውን መሬት በቀንዳቸው ሲምሱ ዋሉ። ጦጣዎች ዛፍ ላይ ሆነው «ጌቶች፣ ትንሽ ጠለቅ አድርጉት እንጂ!» እያሉ ሳቁባቸው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠላ ቤቱ ውስጥ አውራሪስ የጎሽን እግር ረገጠ። ጎሽ ብድግ አለ፤ በበሩ በኩል ድንጋያማውን መሬት አየ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

«ይቅርታ ወንድሜ፤ እግሬን መንገድህ ላይ ዘርግቼው ነው» አለ።

ያን ቀን የጥንቸል ልጆች ለጥ ብለው ተኙ። ሽማግሌዎቹ ግን ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ቢጠብቁ ከሳሽ ጠፋ። አባ ዝንጀሮ የደረቀ ጉሮሯቸውን እየዳበሱ አጉረመረሙ፦

«ሽማግሌ በጥም የሚያልቅበት፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰላም ነው?»