የሁዳዴ ጅማት

ብዙ የሚያነብ ሰው ፊቱ ያለውን ነገር አያይም። አትቆጡ! ስለ ራሴ ነው የማወራው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ ከአራት ጎረምሶችና ከአንዲት አሮጊት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቄ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ አንድ አመል አለበት፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። የክብሪት ቀፎ ላይ ያለውን እንኳ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የምጭረው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ጎንደር ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርሁ፤ ባለቤቴ ታከለ እዚያው ሒሳብ ያስተምር ነበር። እናቱ እሜቴ የሻረግ የሚኖሩት አምባ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ከተጋባን አራት ዓመት እስኪሞላን ድረስ ስለ እኔ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ደህና ልጅ ናት፤ ግን ታነባለች።» «ግን» የምትለዋን ልብ አድርጉልኝ!

በአራተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ከአውቶቡስ ወረዱና ጥጥና የጥጥ መንደፊያ ደጋናቸውን በሁለት እጄ አስያዙኝ። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ጎበጥ ያለ እንጨት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፉ አውታር ተወጥሮበታል። አውታሩን ጥጥ ላይ እየነዘሩ ሲመቱት ጥጡ ተፈታትቶ እንደ ጉም የቀለለ ባዘቶ ይሆናል። ደጋኑን እሜቴ ከእናታቸው ነው የወረሱት፤ ለገዛ እህታቸው እንኳ አውሰው አያውቁም።

«ለደብረ ዘይት ስመጣ ባዘቶውን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ» አሉኝ። «ለፋሲካ የሚደርስ ቀሚስ እፈትልልሻለሁ።»

እናንተዬ፣ ይኼ ቀሚስ ብቻ አይደለም! የቤተሰብ አባልነት ደብተር ነው!

ታዲያ አርፌ አልነድፍም? ... አላረፍሁም። መጀመሪያ ማንበብ ነበረብኝ። ስለ አገር ዕደ ጥበብ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወጣሁ። አውታሩ ከበሬ ጅማት እንደሚሠራና ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰጥ መወጠር እንዳለበት ትናገራለች። የእሜቴን ደጋን ብነካው ድምፁ ጉንፋን የያዘው ዲያቆን ይመስላል። ላልቷል አልሁ። አንዱን ጫፍ ፈታሁ፣ እንጨቱን በጉልበቴ ተጭኜ አጎበጥሁት፣ ጥርሴን ነክሼ ሳብሁ ...

ጧ!

መነጽሬ አልጋ ሥር ገባ። አውታሩ ሁለት ቦታ ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋደመ። ይኼኔ የግቢው በር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ታከለ ነው። ታከለ ደግሞ ለእናቱ የማይነግራቸው ነገር የለም። መነጽሬን ሳልፈልግ ቁርጥራጩን አፈፍ አድርጌ ምድጃው ውስጥ ወረወርሁት። አቤት ሽታው! አቤት ጥቁር ጭሱ! ጠብ ጠብ እያለ ቀለጠ። ስቡ ነው አልሁ በልቤ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ ታከለ ገና ሳይገባ።

«ሽሮ አሮብኝ።»

«ሽሮ እንዲህ ይሸታል?»

«ሲያር!»

ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ እኔ ቤቴ ውስጥ የበሬ ጅማት ጠብሻለሁ! ያን ጊዜ ደግሞ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበር። ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል፤ ጥፋት ያጣ ሰው ደግሞ ይጠረጠራልና ፈልጎ ያመጣል። እኔ ዝምተኛ ስለሆንሁ ወረፋዬ እስኪደርስ አንድ ሁለት ጥፋት ጽፌ እይዝ ነበር። ስለዚህ መናዘዝ ለምዶብኛል። በማግሥቱ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ።

«አባ፣ በጾም የበሬ ጅማት አቃጠልሁ።»

«በላሽው?»

«በስመ አብ! ኧረ አልበላሁም!»

«ታዲያ?»

«አሸተትሁት።»

«ሽታው ደስ አለሽ?»

እኔ ነገር በትክክል ካልተናገርሁ አይሆንልኝም፤ ትንሽ አሰብሁ። «አስነጠሰኝ፣ አባ።»

እሳቸውም አሰቡ። «ይሁን፤ አርባ ስገጂ።»

ሰገድሁ። ጉልበቴ አብጦ ሦስት ቀን ደረጃ ስወጣ ሰው ይስቅብኝ ነበር። ነፍሴ ቀለል ብትልም ደጋኑ ግን አሁንም አውታር የለውም! በሁዳዴ ጅማት ከየት ይመጣል? ልኳንዳው ሁሉ ተዘግቷል። እስላም ሥጋ ሻጭ ዘንድ ሄድሁ፤ ደግ ሰው ነው፣ ጉዳዬን ሰምቶ «ጅማቱን ውሰጂው እህቴ፤ ግን አማትሽ ቢሰሙስ?» አለኝ። አማቴን ሳያውቃቸው ፈራቸው። ባዶ እጄን ተመለስሁ።

ደብረ ዘይት ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ዓይኔ የታከለ ብስክሌት ላይ አረፈ። የፍሬን ሽቦ! ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ሲወጠር የሚዘምር! ብስክሌት ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ ለምን አይበቃውም? በማስመሪያ ለካሁ፣ የኋላውን ፈታሁ፣ ግራሶውን በላምባ ጠርጌ በሳሙና አጠብሁ፣ ደጋኑ ላይ አሰርሁት። ነካሁት። ድዝዝዝ! ጥርት ያለ ድምፅ! ጣቴን ቢልጠውም ጥጡን እንደ ጉድ ይፈታዋል። እስኪመሽ ግማሹን ጥጥ ባዘቶ አደረግሁት። ለታከለም «የኋላ ፍሬን የለህም፤ በፊተኛው ተጠቀም» ብዬ ጥርት ባለ ጽሑፍ ጻፍሁና የብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አስቀመጥሁ።

ወረቀቱን ነፋስ ወሰደው።

ታከለ ጧት ከፒያሳ ቁልቁል ወረደ። መውረድ እንኳ አይባልም፤ ተለቀቀ! ከታች የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር የተሰለፈ ሕዝብ አለ። ታከለ እጁን እያወናጨፈ በሰልፉ ጎን ከጅራቱ እስከ ራሱ ሲያልፍ፣ ሰዉ ቦታ ሊቀማ የመጣ መሰለው።

«ጓድ መምህር! ሰልፍ! ሰልፍ ይያዙ!»

የቆመው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ነው። ግንባሩ ተልጦ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ገባ።

«ፍሬኔን ምን አደረግሽው?»

«የኋላውን ብቻ ነው የወሰድሁት! የፊተኛው አለህ ብዬ ...»

«የፊተኛው ከጥምቀት ጀምሮ የለም!»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ!»

ይኼው ነው ትዳር። ለእናቱ ግን ምንም ላይናገር ማለልኝ። በር መታኝ እላለሁ አለ።

ቅዳሜ እሜቴ ደረሱ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ የልጃቸውን ግንባር አዩ።

«ምን ነካህ?»

«ፍሬኑን ደጋንሽ ላይ አስራው ነው» አለ ታከለ። በሩ የት ሄደ? ... መሐላው አንድ እንጀራ እስኪጋገር እንኳ አልቆየም!

እሜቴ ደጋኑን አነሡ። አገላበጡ። አውታሩን በጣታቸው ነዘሩት። ድዝዝዝ። እኔ መሬቱን እያየሁ መናገር ጀመርሁ፤ እንደ ክበቡ ነው፣ ቁሜ። «እሜቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የእናትዎን ጅማት በጥሼ ...»

«የቱን ጅማት?»

«የደጋኑን ጅማት።»

«ጅማቱንማ አይጥ ከበላው ስንት ዘመኑ! እኔ ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ ናይለን መዝዤ፣ ገምጄ ነው ያሰርሁበት። ሸጋ ነበር። የት አደረግሽው?»

«... አቃጠልሁት።»

ጥቁሩ ጭስ፣ ጠብ ጠብ ያለው «ስብ» ... ሁሉም አንድ በአንድ መጣብኝ። እሜቴ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ይች አንባቢ ናት አላልኸኝም?»

ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከቦርሳቸው የናይለን ጥቅል አወጡ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ እንዴት እንደሚገመድ፣ እንዴት ላላ ተደርጎ እንደሚታሰር አሳዩኝ። ላላ! «ይች ደጋን ትንሽ ካልጎረነነች አትነድፍም» አሉ። «ሽቦውን ለልጄ መልሽለት። ደጋኑ ግን እዚሁ ይቀመጥ፤ አንች ዘንድ።» ያን ጊዜ ዕንባዬ መጣ። ለፋሲካ ቀሚሱን ለበስሁት።

አንድ ነገር ብቻ አላስተኛኝ አለ። በደብረ ዘይት ማግሥት ሰኞ ነፍስ አባቴ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ ነበር።

«አባ፣ ያ ጅማት ናይለን ሆኖ ተገኘ። ኃጢአት አልሠራሁም። አርባው ስግደት ግን ...»

«ያልሠራሽውን ኃጢአት ነው እንዴ የተናዘዝሽው?»

«መሥሪያ ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ አባ።»

«መሥሪያ ቤታችሁ ስግደት አለ?»

«የለም።»

«እዚህ አለ። ሃያ ጨምሪ።»