የሦስቱ ልጆቼ ኤቲኤም

በምህጻረ ቃል ብቻ የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ሦስቱን ወልጃለሁ። ሙሉውን ቃል መጥራት የሚያስቀጣ ይመስላቸዋል።

ባለፈው እሁድ ቀራንዮ ቤቴ ለምሳ መጡ። “ልጆች፣ ይሄ ኤቲኤም የሚሉት ምንድን ነው?” አልኳቸው። ባንክ የምትሠራው ልጄ “የገንዘብ ማውጫው ማሽን ነዋ!” አለች። የፊዚክስ አስተማሪው “ለእኛ የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው” አለ። ኮምፒውተር የተማረው ትንሹ ደግሞ “የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ ነው እንጂ!” ብሎ ተነሣ። በቃ፣ ርስት የሚካፈሉ ይመስል ተጯጯሁ። ቤቴ እንደ ልጅነታቸው ጊዜ ሞቀ። ሌላ ጊዜ “የታክሲ ሰልፍ ሳይበዛ” ብለው የጎረሱትን ሳይውጡ የሚሮጡት ልጆች እስኪመሽ ተቀመጡ።

“እማዬ፣ አንቺው ፍረጂን” አሉኝ።

እንደ ዳኛ ኮስተር ብዬ “አልገባኝም፤ እስቲ ከመጀመሪያው አስረዱኝ” አልኳቸው።

ኤቲኤም ጠፍቶኝ ነው እንዴ? ጡረታዬን የማወጣበት ነው!

ማክሰኞ ጎረቤቴን “ሌላ እንዲህ የሚያጨቃጭቅ ምህጻረ ቃል ታውቂያለሽ?” አልኳት።

“ምን ያደርግልሻል?”

“ለእሁድ ምሳ ነው።”